ይቅር ባይዋ ረጅም

በሕይወቴ መጀመሪያ የቀናሁት በጎልፍ ዱላ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀናሁባቸውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ባሌ ይህን ሲያነብ ስለሚታመም ይቅርብኝ። ቀናተኛ ነኝ፤ አልክድም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ እኔ ደግሞ የምመነጠር ሰው አይደለሁም። አባቴ «ይቺን ልጅ ቅናት የጀመራት በኔው ሱቅ ውስጥ ነው» ይላል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና ታሪኩን ይጀምራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነግራል። ሰዉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴ ግን ያን ሰዓት ሁልጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራው ነገር አይጠፋትም።

የአባቴ ታሪክ አጭር ነው። እኔ ግን እንዳየሁት ልናገር፤ ያየሁትና የሆነው የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅኩት ገና በቅርቡ ነው።

አባቴ ከጎልፍ ሜዳው መግቢያ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ዱላ ይሸጣል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ለገዢው በቁመቱና በእጁ ልክ ያስተካክላል። ሱቋ ሙጫ፣ አዲስ ጎማና የታጨደ ሣር ትሸታለች። ከጀርባዋ ደንበኛ ዱላ የሚሞክርበት መረብ የተወጠረበት ቦታ አለ፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ በመስኮቱ አየዋለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቅዳሜ ደንበኛ ስለሚበዛባት «ሂጂ ከአባትሽ ጋር ዋይ» ብላ ትሸኘኛለች። እኔም ደስ ይለኛል። ቅዳሜ አባቴ የኔ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አነጋገር አንድ ነገር ካልተናገርኩ ታሪኩ አይገባም። አባቴ ለሚወደው ዕቃ ሁሉ «እሷ» ነው የሚለው። ቁልፉ ሲጠፋበት «የት ገባች ይቺ?» ይላል። ሬዲዮኑ ሲንኮሻኮሽ «ዛሬ አኩርፋለች» ይላል። የሱቁን መዶሻ «የኔ ቆንጆ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴንም፣ እኔንም፣ መዶሻዋንም «እሷ» ነው የሚለን። እንዲህ የሚናገረው እሱ ብቻ አይደለም፤ ስንቱ ሰው ለዕቃው እንዲሁ ይላል። ሰው መቼም ስለ መዶሻ ሲወራ ስለ ሚስት ነው ብሎ አይጠረጥርም፣ እንደኔ ያለ ካልሆነ በቀር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብዬ የድሮ ኳሶችን ነጩን ከቢጫው እለያለሁ። አባቴ ከዕቃ አስመጪው ወዳጁ ጋር በስልክ ያወራል። እኔ እዚያ መኖሬን የረሳ ይመስለኛል።

«አዎ፣ ረጅሟን ነው የምፈልገው» አለ። «አይ፣ የድሮዋማ አልሆነችም። አስቸጋሪ ናት። ትንሽ ከሳትካት ቂም ትይዛለች፤ ወደ ቀኝ ጭልጥ ብላ ጫካ ነው የምትገባው።»

ጆሮዬ ቆመ። እናቴ ስታኮርፍ የምትገባው መኝታ ቤት ነው እንጂ ጫካ ስትገባ አይቼ አላውቅም። ቂሙ ግን የሷው ነው።

«ዋናው ነገር ይቅር ባይ ትሁን» አለ አባቴ ቀጥሎ። «ራሷ ተለቅ ያለ፣ ወገቧ ለስለስ ያለ፣ በእጅ ስትይዛት ቀለል የምትል። ጫፏን ቢመቷት እንኳ የማትቀየም!» ከወዲያ ወዳጁ የሆነ ነገር አለው መሰለኝ አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «እውነትህን ነው፤ እንደዚህ ያለች ሴት የት ትገኛለች? … የድሮዋን? ለሚፈልጋት እሰጣታለሁ። አሮጌ ነገር ወዳጅ አያጣም።»

እኔ ከባንኮኒው ሥር ነጩንና ቢጫውን ኳስ ቀላቀልኩት።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። እናቴ አጭር ናት። ወንበር ላይ ካልቆመች የመስኮቱን የላይኛ መቀርቀሪያ አትደርስበትም። ይቅርታ ደግሞ በሷ ቤት ውድ ዕቃ ነው፤ አክስቴ ተውሳ ሳትመልስ የቀረችውን መቀስ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ስሟ በተነሳ ቁጥር፣ «ያቺ መቀሴን የበላች» ትላታለች። ታዲያ አባቴ በስልኩ የፈለጋት ሴት ቁርጥ የእናቴ ተቃራኒ ሆነችብኝ። ረጅም፤ ይቅር ባይ። ስትመታ የማትቀየም መባሉ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጨመረብኝ፤ አባቴ እጁን በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም። አዲሷን ሊመታት አስቦ ይሆን? ቢመታትስ እሰየው ነው የሚል ክፉ ሐሳብም ሽው አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ከቦርሳው ዱላዎች ሁሉ ረጅሟ ድራይቨር ትባላለች፤ ጨዋታ ሲጀመር ኳስ አርቀው የሚልኩባት ናት። አባቴ በደንበኛ ፊት «ድራይቨር» ይላል፤ ከሙያ ጓደኛው ጋር ሲሆን ግን «ረጅሟ» ነው የሚላት። ዛሬ ሱቋን የምሠራባት እኔ ነኝ፤ እኔም «ረጅሟ» ነው የምላት። ያኔ ግን ማን ነግሮኝ?

ረጅም ሴት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የሜዳውን ሣር በትራክተር የምታጭድ አንዲት ሴት ነበረች። ከቁመቷ የተነሳ ሁሉም «ሰንደቅ» ይላታል፤ እሷም ስሟ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ወደ ሱቃችን ስትገባ የበሩ ጉበን እንዳይመታት አንገቷን ደፋ ታደርጋለች። ውሃ ልትጠጣ ነው የምትመጣው፤ የኛ ማቀዝቀዣ ከሠራተኞች ክፍል ይቀርባታል። ያን ቀን ገብታ «እንደምን አደርሽ ቀበጢቱ» ስትለኝ መልስ አልሰጠኋትም። አየኋት፣ ከእግር እስከ ራሷ። ራሷ በእርግጥ ተለቅ ይላል። ወገቧን ለማጣራት ዞርኩ።

«ምን ሆነች ልጅህ?» አለችው አባቴን።

«እኔ እንጃ። ዛሬ አኩርፋለች።»

ለሬዲዮኑ የሚለውን ነው ያለኝ። ጓንቷን ባንኮኒው ላይ ትታ ስትጠጣ አንዱን አንስቼ ከኳሶቹ ሳጥን ሥር ከተትኩት። ቅናት ትልቅ ነገር ማድረግ ሲያቅተው ትንሽ ነገር ያደርጋል።

በዚያ ሰሞን ወደ ሱቃችን የምትመጣ ሌላ ሴት ነበረች፤ እሷን ግን እወዳት ነበር። የጥርስ ሐኪም ናት። የጥርስ ሐኪም ሆና ሳለ በመጣች ቁጥር ከረሜላ ታመጣልኛለች። አባቴ «ደንበኛ እያፈራች ነው» ብሎ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። አጭር፣ ድምቡሽ ያለች፣ ከመናገሯ በፊት የምትስቅ ሴት ነበረች። እናቴን ከኋላ ብታዩአት እሷ ናት ብላችሁ ትሳሳታላችሁ፤ ለዚህም ይሆናል ልቤ ቶሎ የተቀበላት። ደግሞ አጭር ስለሆነች በኔ ሒሳብ ከጥርጣሬ ነፃ ናት።

ሐኪሟ ጎልፍ የጀመረችው በቅርቡ ነው፣ ትስታለች። «ሃንዲካፕ» የሚሉት ቁጥር አለ፤ ከፍ ባለ መጠን ተጫዋቹ ብዙ ይስታል ማለት ነው። የሷ ቁጥር ጣሪያ ነክቶ ነበር። «ጥርስ ብሆን ኖሮ ኳሷን አልስታትም ነበር» ትላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፣ ግን እስቅላት ነበር። አባቴ ለሷ ረጅሟን ዱላ ይመርጥላታል። በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ መስኮቱ ዝግ ስለሆነ የሚሰማኝ ኳሷ ጧ ስትልና የሐኪሟ ሳቅ ብቻ ነው። አባቴ ሌላ ዱላ ያቀብላታል፣ እሷ ትወዘውዛለች፣ ትስታለች፣ ትስቃለች። እሱ የዱላዋን ፊት ያገላብጣል። ፊቷ ላይ ስስ ወረቀት ይለጥፍባታል፤ ኳሷ የነካችበት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። የሐኪሟ ነጥቦች መሃሉን የፈሩት ይመስል ሁሉም በየጠርዙ ናቸው።

ዛሬ ሥራው የኔ ስለሆነ በመስታወቱ ማዶ ምን ይላት እንደነበር መገመት አያቅተኝም። ትንሽ ራስ ያላትን፣ የምታብረቀርቀውን ስትመርጥ «ይቺ ቆንጆ ናት ግን ክፉ ናት፤ የጥፍር ያህል ከሳቷት አትምርም» ይላታል። የበለጠ ረጅሟን ስታነሳ «ርዝመት ሩቅ የሚልክ ይመስላል እንጂ መሃሏን ያሳጣል፤ ትንሽ እንቁረጣት» ይላታል። ለጀማሪ ራሷ ሰፊ፣ ክብደቷ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ ፊቷ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ዘንጓ የሚለመጥ ትሻላለች። አባቴ አንድ አባባል አለው፤ ለደንበኞቼ ሁሉ እደግመዋለሁ፦ «መሃሏን ስታገኛትማ ሁሏም ደግ ናት። ይቅር ባይ የምትባለው ስትስታት የምታልፍልህ ናት።»

ከዚያ ልክ ይወስዳል። ሐኪሟ ክንዷን ዝቅ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አባቴ ከእጅ አንጓዋ እስከ ወለሉ በሜትር ይለካል። መዳፏን ዘርግቶ ጣቶቿን ይለካል፤ ለእጀታዋ ውፍረት ነው። በመጣች ቁጥር ይለካታል። ምን ያህል ጠንቃቃ ሠራተኛ ነው አባቴ! እያልኩ እኮራ ነበር።

እኔ ደንበኛዬን የምለካው አንዴ ነው። የአዋቂ ሰው ክንድ በየሳምንቱ አያድግም።

አንድ ነገር ደግሞ ታዝቤ ነበር። ሐኪሟ መጀመሪያ ስትመጣ አባቴ «ዶክተር፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይላት ነበር። ቆይቶ «ዶክተር፣ ግቢ» ሆነ። በኋላ ዶክተሩም ቀረና «መጣሽ?» ብቻ ሆነ። ደስ አለኝ፤ እንደኔ ስለወደዳት ነው አልኩ። እንደኔ መውደዱ እውነት ነበር።

ማክሰኞ ነው መሰለኝ፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ ቆምኩ። የሰው ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነው፤ አፏ በስፒል ተሞልቷል። የአባቴ ምስጢር ሆዴን ነፍቶት ነበር።

«እማዬ፣ ሰው አጭር ከሆነ ይለወጣል?»

«እ?» አለች፤ በስፒል አፍ ከዚህ በላይ አይባልም።

«አባዬ ረጅም ሴት እየፈለገ ነው። ይቅር ባይ የሆነች፣ ወገቧ ለስላሳ። አንቺን ለሚፈልግሽ ይሰጥሻል።»

እናቴ መኪናዋን አቆመች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ በአፍንጫዋ ሳቅ አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«በስልክ ሲያወራ ሰማሁ።»

«ረጅም ነው ያለው? እና ሱቁ ማን ማን ይመጣል?»

ነገርኳት። ሰንደቅን ከነወገቧ ዘረዘርኩላት። «ሐኪሟም ትመጣለች፣ እሷ ግን ጥሩ ሰው ናት። እንዳንቺ አጭር ናት። አባዬ በመጣች ቁጥር ልኳን ይወስዳል፣ ዱላ ሊሠራላት።»

«በመጣች ቁጥር?» አለች እናቴ።

«በመጣች ቁጥር» አልኳት በኩራት።

ቀሚሱን አነሳች። ከዚያ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ለሚመጡት ደንበኞቿ ሁሉ «ለሰኞ» ብላ ላከችባቸው። እናቴ የቀጠረችውን ደንበኛ ስትመልስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እኔ ግን በረጅሟ ቀንታ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ለካ ቅናት ሲካፈሉት ይቀላል።

ቅዳሜ እናቴ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አድርጋ፣ እጄን ይዛ፣ ወደ ሱቁ ሄድን። የአስፋልቱን ጠርዝ ይዛ ቀጭ ቀጭ እያለች ስትሄድ እኔ ከጎኗ ደረቴን ነፍቼ ወታደር መስዬ ነበር። በሩን ስንከፍት ሦስቱም ነበሩ፦ ሰንደቅ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ውሃዋን ይዛ፣ ሐኪሟ ከባንኮኒው ወዲህ፣ አባቴ አንዲት አዲስ ዱላ በጨርቅ እየወለወለ።

«እማዬ፣ ረጅሟ ይቺ ናት!» ብዬ ጮህኩ፤ ጣቴን በሰንደቅ ላይ ቀስሬ።

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?» አለች ሰንደቅ። «ጓንቴ የጠፋው ሳያንሰኝ!»

አባቴ መወልወሉን ተወ። እኔ አንዴ ጀምሬያለሁና የስልኩን ቃል እንዳለ አወረድኩት፤ ራሷ ትልቅ፣ ወገቧ ለስላሳ፣ ይቅር ባይ፣ ጫፏን ቢመቷት የማትቀየም፣ የድሮዋን ለሚፈልጋት የሚሰጣት። ሰንደቅ የጠጣችው ውሃ ትን አላት።

«ወገቤ ለስላሳ?» አለች እያሳላት። «ቀኑን ሙሉ ትራክተር ላይ ተቀምጦ የሚውል ወገብ? ኧረ ልጄ፣ ማን በነካው!»

አባቴ ገባው። ዱላዋን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አነሳትና «ረጅሟ ይቺ ናት፣ ይቺ! ድራይቨሯ!» ብሎ በሳቅ ተንፈራፈረ። ሰንደቅ ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። ሐኪሟ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ በዱላ መቅናቴ ሲገባኝ መሬት ብትከፈት በገባሁ። ግን አባቴ አቅፎ ወደ ላይ አነሳኝና ጉንጬን ሳመኝ፤ የሙጫ ሽታው ሸተተኝ፣ አልሄደብንም አልኩ በልቤ።

የአባቴ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ ሰሐኖቹ ይነሳሉ።

ያን ቀን ግን እዚያ ላይ አላለቀም። እናቴ ፈገግ ብላ ቆማ ነበር። «ታዲያ ለማን ነው እንዲህ የተለፋባት?» አለችው፣ በዱላዋ በኩል በአገጯ እያመለከተች።

«ለዶክተር ናት» አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። እኔን ከእቅፉ አወረደኝ። «ዶክተር፣ እስኪ እርስዎ ይሞክሯትና ባለቤቴ ትይ።»

እኔ ደስታ አቅበጥብጦኛል። አባቴ አልሄደም፣ ረጅም ሴት የለችም፣ የምወዳት ሐኪም ከረሜላ ይዛ ቆማለች። ከትልልቆቹ ጨዋታ መውጣት አልፈለግኩም።

«አባዬ» አልኩ፣ «ዛሬ ደግሞ ለምን እርስዎ አልካት?»

የማቀዝቀዣው ሞተር ሲያጉረመርም ተሰማኝ፤ ለካ እስካሁንም ሲያጉረመርም ነበር። ሰንደቅ ውሃዋን ሳትጨርስ አስቀመጠችና «ሣሩ ይጠብቀኛል» አለች። ጉበኑን ዝቅ ብላ አልፋ ወጣች። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ፈታች። «ነይ እስኪ፣ ከረሜላሽን እንኪ» አለችኝ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«ይተዉት ዶክተር» አለች እናቴ በጨዋ ደንብ። «ከዛሬ ወዲያ ጣፋጭ አትበላም፤ ጥርሷን ያበላሹባታል።»

የእናቴ «እርስዎ» አልተለወጠም፤ ያን ቀን ከአፏ አንዲትም «አንቺ» አልወጣችም። ከዚያ ወደ አባቴ እጇን ዘረጋች። «እስኪ ስጠኝ ይቺን ይቅር ባይ።»

አባቴ ሰጣት። ወደ መረቡ ወጣን። እናቴ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ዱላዋን መሬት አስነክታ ቆመች፤ እጀታዋ እጇ ውስጥ ልክክ አለች፣ ርዝመቷም እንደዚያው። በሰው ልክ የተሠራ ነገር እንዴት እንደሚቀመጥ ከእናቴ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ልኬ ናት» አለች። «አየህ? ሳትለካኝ ሠራህልኝ።»

እናቴ ወዘወዘች፤ ሳተች። ደግማ ወዘወዘች። ኳሷን በጫፍ አገኘቻትና ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ የመረቡን መሃል መታች።

«እውነትም ይቅር ባይ ናት» አለች። «ይቺን እኔ እወስዳታለሁ። ለዶክተር ሌላ ፈልግላቸው።»

«የደንበኛ ዕቃ ናት እኮ…» አለ አባቴ፤ ራሱም ያልሰማው ይመስላል።

«ይውሰዷት፣ ይውሰዷት» አለች ሐኪሟ ከበሩ ላይ። «እኔ ጨዋታውን ልተወው አስቤያለሁ።»

እናቴ ጫማዋን አደረገች፤ ዱላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። እናቴ ጎልፍ ወደደች ብዬ ነበር የደመደምኩት። መቼ ትጫወታለች እያልኩ ጠበቅኩ። እሷ ግን ዱላዋን ከመኝታ ቤታቸው በር ጀርባ አቆመቻት፣ አባቴ በተኛ ቁጥር ከሚያያት ቦታ። ከዚያ ወዲህ የመስኮቱን የላይኛ መቀርቀሪያ ወንበር ላይ ሳትቆም በሷ ትከፍተዋለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ሐኪሟ ዳግመኛ አልመጣችም። ሌላ ሱቅ አግኝታ፣ እዚያ ላለች ሌላ ልጅ ከረሜላ እየሰጠች ነው ብዬ ሳስብ አንጀቴ ያርር ነበር። ፊቷን እንኳ አይቼ የማላውቃትን ያቺን ልጅ ጠምጄ ያዝኳት። አባቴም ለተወሰነ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ማደር ጀመረ። «ሌባ በዝቷል» ተባልኩ። ማታ ማታ እናቴ ራቱን በሳህን ትከድንለትና የሰፈር ልጅ ይወስድለታል። ከዚያ ሌባው ጠፋ መሰለኝ አባቴ ቤት ማደር ጀመረ፣ ሰው ቤት ሲመጣም ስለ ረጅሟ መናገር ጀመረ። ስለዚያ ቀን ሌላ ታሪክ እንዳይነገር ቀድሞ ይህንን ያወራ ነበር ብዬ የማስበው አሁን ነው። በዚያ ሰፈር ሌባ ገብቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባሌ ነው። ባለፈው ወር ስልክ ሲያወራ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። እንዳየኝ «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» ብሎ ዘጋ። ዓይኔ ደም ለበሰ። «ከመግባቴ በፊት ምን ነበር የምትላት?» ብዬ አፈጠጥኩበት። አጣራሁ፤ ለጡረታ አንድ አመት የቀራት አለቃው ናት፣ እሱም ከመግባቴ በፊት «እርስዎ» ሲላት ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። «ለምን እርስዎ አልካት» የሚለው የልጅነት ድምፄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሳቀበት ታሪክ ተገልብጦ ታየኝ።

በማግስቱ ልጄን ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴና ልጄ ጓሮ ኳስ ሲያሳድዱ እናቴን ብቻዋን አገኘኋት፤ መነጽሯን አድርጋ ቁልፍ ትተክላለች።

«እማዬ» አልኳት፣ «ረጅሟን ሳስስ አጭሯ አመለጠችኝ አይደል?»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለች። «እስካሁን ፈጀብሽ?»

«አንቺ ግን መቼ አወቅሽ?»

«በመጣች ቁጥር ይለካታል ያልሽኝ ቀን። አንድን ሰው ሁለቴ የለካ ሰፊ ሙያውን አያውቅም። በየሳምንቱ የለካ ግን ልክ እየወሰደ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ምናልባት ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ሱቅ ስገባ ተመኝቼ ነበር፣ ረጅሟ ትሁን ብዬ። በሰንደቅ መቅናት ይሻለኝ ነበር፤ ረጅም ናት፣ እኔ አይደለሁም፣ ምን ይደረጋል ይባላል። ያቺ ግን እኔው ነበረች። የኔው ቁመት፣ የኔው እጅ። በራስሽ ልክ ሲለውጡሽ ምን ትያለሽ?»

የእናቴ ቅናት አሁን ያን ያህል ዓመት አልፎም ትኩስ ነበር። እኔ ደግሞ ተገርሜ ቀናሁባት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻዋ፣ ያለ ድምፅ መቅናት መቻሏን ቀናሁባት። እኔ አንድ ስልክ እንኳ አልቻልኩም።

«እና ይቅር አልሽው?» አልኳት።

«ይቅር ባይዋ ያቺትና» አለች፣ በመርፌዋ ወደ መኝታ ቤቱ በር እያመለከተች። «ከበሩ ኋላ ቆማለች፤ ይቅርታ ከፈለገ ሄዶ እሷን ይጠይቅ። እኔ ለአክስትሽ የመቀሴንም ገና አልተውኩላትም።»

ይህን ስትል አባቴና ልጄ እየተሳሳቁ ገቡ። ኳሱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎባቸው ኖሮ ልጄ በጓሮ በር ሮጦ ከመኝታ ቤት ረጅሟን ዱላ አንስቶ ወጥቶ ነበር፤ አሁን በሁለት እጁ ይዟታል። እኔ ያኔ በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ነው።

«አባባ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለው አያቱን።

አባቴ ፊቱ በራ። «ይቺማ ረጅሟ ናት! እናትህ የቀናችባት ሴትዮ!» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ እኔ ዞረ። «አልነገርሽውም እንዴ? ንገሪው እንጂ!»

እናቴ በዚህ ሰዓት ወደ ወጥ ቤት ትሄድ ነበር። አልሄደችም። መነጽሯን አውልቃ ከቁልፎቹ ጎን አስቀመጠችው።

«ዛሬ እኔ ልንገረው» አለች።

አባቴ ሊስቅ ከንፈሩን አላቆ ነበር። እንደዚያው ሆኖ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ልጄ ከእናቴ እግር ሥር መሬት ላይ ተዘረጋ፣ ዱላዋን ጭኑ ላይ አጋድሞ።

«አያትህ» አለች እናቴ፣ ፀጉሩን እያሻሸች፣ «ለሚወደው ሁሉ እሷ ነበር የሚለው። ለቁልፉም፣ ለመዶሻውም፣ ለኔም። አንዲትን ሴት ግን እኔ ስገባ እርስዎ አላት።»

ልጄ ወደ አያቱ ዞረ።

«አባባ» አለው፣ «ለምን እርስዎ አልካት?»